የከርሞ ዛፍ

በጋምቤላ ክልል፣ በአቦቦ ወረዳ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ፣ ወንዳፈረው የሚባል ገበሬ ይኖራል። መንደሮቹ ሲቆረቆሩ ስም ያላወጣላቸው ሰው፣ ማንም አይቆይባቸውም ብሎ ገምቶ ይሆናል። ወንዳፈረውም የገመተው እንደዚያ ነበር። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ ሲመጣ ጢሙ ገና ማቀምቀም መጀመሩ ነው፤ ሚስቱን እናትነሽን ካገባ ዓመት አልሞላውም። ከቤቱ ይዞ የወጣው አንድ የማረሻ ብረት ብቻ ነበር። «ማረሻ ካለ በሬ አይጠፋም» ይል ነበር። እዚህ ያገኛቸው በሬዎች ግን የቆላውን ዝንብ አልቻሉትም፤ ዝንቡ በሚያመጣው የገንዲ በሽታ አለቁ። ማረሻው ዛሬ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ይደግፋል። ወንዳፈረውም በዶማ መቆፈር ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

መስከረም በጠባ ቁጥር ወንዳፈረው የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ለከርሞ አገራችን እንገባለን።» ለከርሞ ስለሚገባ፣ ልጁ እስክታድግ ድረስ ቤቱን ቆርቆሮ አላለበሰም። ለከርሞ ስለሚገባ ዛፍ አልተከለም። «በቆሎ ሰው አያስርም» ይላል፤ «ተዘርቶ፣ ተሸልቅቆ፣ ተበልቶ ያልቃል። ዛፍ ግን ያስራል።» መንደርተኛው ከጊዜ በኋላ «አያ ከርሞ» ብሎ ሰየመው። እሱም አልተቀየመም።

ይሁንና በግቢው ጥግ፣ በጎረቤቱ በኡጉላ አጥር በኩል፣ ግንዱ ሁለት ሰው የማያቅፈው ማንጎ አለ። ኡጉላ አኙዋ ነው፤ የአገሩ ተወላጅ። መንደሩ የተቆረቆረው እናቱ ማሽላ ትዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩትም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው። ዛፉን ችግኝ ሳለ በእሾህ አጥሮ ከፍየል ያዳነው ኡጉላ ስለነበር፣ ወንዳፈረው የተከለውም እሱ ነው ብሎ አመነ። በአገሩ ልማድ ደግሞ ዛፍ፣ በማንም ግቢ ይብቀል፣ የተካዩ ነው። ስለዚህ መጋቢት ላይ ማንጎው ሲበስል፣ ቤተሰቡ አንድም ሳይቀምስ የመጀመሪያው ቅርጫት ወደ ኡጉላ ቤት ይሄዳል። ኡጉላም ግማሹን ያስቀርና ግማሹን ይመልሳል። በመሃል ክፉ ዓመታት ነበሩ፤ ሰዎቻቸው ተቃቅረው ሁለቱ በአጥር ላይ ሰላምታ እንኳ መለዋወጥ የፈሩባቸው። ያን ጊዜም ቅርጫቱ አጥሩ ሥር ይቀመጣል፤ ጠዋት ግማሹ እዚያው ይገኛል። እነዚያን ዓመታት ዛሬ ማናቸውም አያነሷቸውም።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ የወንዳፈረው ታናሽ ወንድም ባንተአምላክ ከወሎ ደወለ።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ደክሜያለሁ። ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። የአባታችን ማሳ ባለቤት ይፈልጋል። እርሻ ሳይጀመር ቁርጥህን ንገረኝ፤ ካልመጣህ ለእኩል አራሽ ልስጠው።»

ወንዳፈረው ስልኩን ዘግቶ በሩ ላይ ቆመ። እናትነሽ በቆሎ እየፈለፈለች ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ዕድሜህን ሙሉ ለከርሞ ስትል ኖረህ፣ ከርሞ በእግሩ ሲመጣልህ ምነው ደነገጥክ?»

«አልደነገጥኩም። አንቺስ፣ አትሄጅም?»

«ወባ የበላቸው ሁለት ልጆቼ እዚህ ተኝተዋል። ያሳደግናት ደግሞ ጋምቤላ ከተማ ናት። አንተ ካልክ እከተልሃለሁ፤ ግን እኔ አልኩ እንዳትል።»

ይህን ይዞ ሰነበተ። መሄዱን ባሰበ ቁጥር ደስታው ይመጣና፣ ወዲያው ሌላ ነገር ይከተለዋል፤ የዛፉ ነገር። የሰው ዛፍ በግቢው አቁሞ፣ ጥላውን እንደ ራሱ ጥላ ቆጥሮ ኖሯል። ሳያስረክብ መሄድ ነውር መሰለው።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለቱ ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ይቀመጣሉ። ጋምቤላ ከተማ የምታስተምረው የወንዳፈረው ልጅ ቤርሳቤ በመጣች ቁጥር መጽሐፍ ታመጣለች፤ ልብ ወለድም፣ ታሪክም። የኡጉላ ዓይን ስለደከመ የሚያነበው ወንዳፈረው ነው። ኡጉላ ደግሞ ነገሥታቱን ሁሉ እንደ ጎረቤት ያማቸዋል። በዚያ ሳምንት የያዙት አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ወንዳፈረው ድንገት ንባቡን አቆመ።

«ምነው?» አለ ኡጉላ።

«እኛ ጋ ደረስን።» ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ፦ «በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ የሰሜን ገበሬዎች ወደ ምዕራቡ ቆላ ተወስደው ሰፈሩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል።»

«አንድ መስመር ብቻ? አንተ እዚያ ውስጥ የቱ ጋ ነህ?»

«ገበሬዎች ከሚለው ውስጥ ነኛ።»

«እኔስ?»

ወንዳፈረው መስመሩን በጣቱ ተከተለ። «አንተማ ቆላው ውስጥ ነህ። ከትንኙ ጋር።»

ኡጉላ እስኪያስለው ሳቀ። ወንዳፈረውም ሳቀና፣ ሳቁ ሲበርድ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘጋው።

«ወንድሜ ደውሏል። የአባቴን ማሳ ና ተረከብ ይለኛል። ከሄድኩ ዛፍህን አስረክቤህ ልሂድ።»

«የቱን ዛፍ?»

«ይሄንን ነዋ። የተከልከውን።»

ኡጉላ ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየ፤ ከዚያም ጎረቤቱን፣ የሚቀልድ እንደሆነ ለማጣራት በሚመስል ዓይን። «እኔ አልተከልኩትም» አለ። «አንተ ነህ።»

«እኔ በዚህ አገር ዛፍ ተክዬ አላውቅም።»

«የመጣችሁ ሰሞን እናቴ ማንጎ አምጥታ አልሰጠቻችሁም?»

ይህንን ወንዳፈረው አልረሳውም። ማንጎ አይቶ አያውቅም ነበር። ከነልጣጩ ገመጠው፤ ጣፈጠው፤ ከርሃብ የወጣ ሰው ነውና ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ። የቀሩት በየማንጎው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ጠንካራ ፍሬዎች ነበሩ።

«ፍሬው እንደ ባቄላ የሚበላ መሰለህ» አለ ኡጉላ። «ድስት ጥደህ ቀቀልከው። እኔ ማሽላው ውስጥ ሆኜ አይሃለሁ። ማገዶ ትጨምራለህ፣ በእንጨት ትወጋዋለህ፣ አልበስል ይልሃል። አንዱ ትልቅ ነበርና ድስቱ አልበቃው ብሎ ውጭ ቀረ።»

«እናትነሽም አብራኝ ነበረች» አለ ወንዳፈረው ቶሎ ብሎ።

«እሷማ ቀድማ ገብቷት ነበር፤ ትስቅብህ ነበር። በኋላ አፍረህ፣ ሰው ሳያይብኝ ብለህ የተቀቀለውንም ጥሬውንም እዚህ ጥግ ቀበርከው። እኔ ሮጬ ቤት ነገርኩ፤ ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም። እንግዳው ተከለ፣ የተከለ ሰው ይቆያል፣ ሲበቅል እጠርለት አለችኝ። ጥሬው በቀለ፤ እኔም አጠርኩ።»

ወንዳፈረው ግንዱን በእጁ ዳሰሰ። ያቺ የእፍረት ቀን ትዝ ባለችው ቁጥር ሲሸሻት ኖሯል፤ ለካ እዚህ አገር የተከለባት ቀን እሷ ነበረች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ቅርጫቴን ለምን ተቀበልክ?»

«እየሰጠኸኝ እምቢ ልበል እንዴ? እናንተ ደገኞች የምታመሰግኑት በዚህ መንገድ ነው ብዬ ነዋ። ደግሞ ግማሹን መልሻለሁ።»

«እናትህ ግን... ስሟ ማን ነበር?»

«አሪየት።»

ወንዳፈረው ስሙን ለራሱ ደገመው። ያቺ ሴት ማሳዋ ተቆርሶ ለተሰጠው ሰው ማንጎ ይዛ መጣች፤ እሱም በላ፤ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ሸመገለ። «ነፍሷን ይማርልኝ» አለ። «እዚህ የቀመስኩት የመጀመሪያ ጣፋጭ ነገር የእሷ ነበር።»

ኡጉላ በአገጩ መጽሐፉን አመለከተ። «እዚያ መስመር አጠገብ ለስሟ ቦታ አለ?»

«ጠርዙ ላይ አለ። ግን የቤርሳቤ መጽሐፍ ነው፤ አትጻፉበት ብላናለች።»

«ተወው እንግዲያው። መምህር አያስቀይሙም።»

ማታ እናትነሽ እሳት ስታነድ ወንዳፈረው ደጅ ወጥቶ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ለወንድሙ ደወለ። የአባቱን ማሳ ከነድንበሩ፣ ከነዋርካው ጠየቀ። ዋርካው አለ። የምንጩን ውሃ ጠየቀ። አልደረቀም። ደስ አለው፤ በእውነት ደስ አለው።

«እረሰው ወንድሜ፣ ወይም ለእኩል ስጠው። መርቄሃለሁ። እኔ እዚህ ተክያለሁ።»

«ምን ተከልክ? ለከርሞስ አትመጣም?»

«ለከርሞ አንተ ና። መጋቢት ላይ ና፤ ማንጎ ይደርሳል። ፍሬውን ግን አይቀቅሉትም፤ ስትመጣ አሳይሃለሁ።»

ባንተአምላክ ያልገባው ሳቅ ከቤቱ ውስጥ ተሰማ፤ የእናትነሽ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንዳፈረው የዓመቱን የመጀመሪያ ቅርጫት ሞልቶ እንደ ወትሮው ወደ ኡጉላ ቤት ወሰደ። ኡጉላ ግማሹን አስቀረ።