የሙሽራ ጉንጭ

ይመኙሻል ሰው በማስታመም የኖረች ሴት ናት። ካርቱም ከገባች ጀምሮ ብዙ ቤት አልዞረችም፤ አብዛኛው ዕድሜዋ ያለፈው ሪያድ ሰፈር፣ ሐጃ ሉጥፊያ ቤት ነው። ሐጃ ባለጸጋ ባልቴት ናቸው፤ ልጅም ገንዘብም ሞልቷቸው ያጡት ትንፋሽ ብቻ ነው። እኛ አስም የምንለውን እዚያ አገር አዝማ ይሉታል። የሐጃ አዝማ ደግሞ ከውፍረት ጋር አብሮባቸው፣ ከአልጋ ወርደው ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ የይመኙሻልን ትከሻ ይፈልጋሉ። እሷም ትከሻዋን አትሰስትም። ምላሷን ግን አትሰበስብም፤ ሐጃን ስትቆጣቸው ላየ ሰው አሠሪዋ እሷ ትመስላለች።

ጠዋት ከምትኖርበት ከጀብራ ሰፈር በአውቶቡስና በሪክሻ ተጋፍታ ትደርስና፣ ነጠላዋን ሳትሰቅል መጀመሪያ ሐጃን በትራስ ደግፋ ቀና ታደርጋቸዋለች። ከዚያ በኻኽ የሚሉትን፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ታቀርብላቸዋለች፤ ሳቡ፣ ያዙት፣ ያላ አሁን ቀስ ብለው ያውጡት እያለች። ሲጨርሱ አፋቸውን ታስጉመጠምጣቸዋለች፤ ያ ካልተደረገ ምላሳቸው ነጭ ለብሶ እህል አልቀምስም ይላሉ። በሰውነታቸው እጥፋት ውስጥ ያቆረውን ላብ በንጹሕ ፎጣ ታደርቃለች፣ እግራቸው ማበጥ አለማበጡን በጣቷ ጫን ብላ ታያለች። ቆዳቸው ሳስቶ በትንሹ ስለሚበልዝ ክንዳቸውን አጥብቃ አትይዝም።

ከቁርስ በኋላ ደግሞ ኪኒኗ አለች። ኮርቲዞን ነው የሚሏት፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት። ከመምረሯ የተነሳ ሐጃ ሁልጊዜ ዛሬስ ይለፈኝ ብለው ይለማመጣሉ። አንድ ጊዜ ይመኙሻል ምን ያህል ብትመር ነው ብላ በምላሷ ጫፍ ቀምሳት ጠዋቱን ሙሉ ስትተፋ ውላለች። ይለፍ ግን አይባልም። ሐኪማቸው ቤተሰቡን ሰብስቦ በግልጽ ነግሯቸዋል፤ ይህች መድኃኒት ትንፋሽ ትከፍታለች፣ በዚያው ልክ ሰውነት ታወፍራለች፣ ፊት ታሳብጣለች፤ ድንገት መተው ግን የለም፤ ሰውነት ስለለመዳት በአንድ ጊዜ ሲያጣት ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ መቀነስ ካስፈለገ እኔ ቀስ በቀስ እቀንሳታለሁ ብሎ። ይመኙሻል ይህን ቃል ከጸሎቷ ጋር ነው ያጠናችው።

የይመኙሻል ዓለም ግን ያለው ጀብራ ነው፤ አንድ ልጇ ልደት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የኖሩት። ልደት ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ የሴቶች ሳሎን ውስጥ ፀጉር የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው፤ እናቷ ትስቅባታለች እንጂ አትቆጣትም። ልጅቱ ከልጅነቷ አስም ነበረባት። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሰማዩን አቅልቶ በመጣ ቁጥር ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እናት በኻኹን ይዛ ትንሰፈሰፋለች። ይመኙሻል ቢቸግራት ለእመቤታችን ተሳለች፤ ልጄን ከዚህ ከገላገልሽልኝ ጃንጥላ ይዤ መጥቼ በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ ብላ።

የካርቱም ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት ስለቷ ሰመረ። ያን ክረምት ሀቡቡ ጀብራን ሁሉ ሲያስለው ልደት ደህና እንቅልፍ ትተኛ ነበር፤ በኻኹም መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። በዚያ ላይ ወፈረች። ያቺ አጥንቷ የሚቆጠር ልጅ ጉንጯ ሞላ፣ አንገቷ ደለብ አለ፣ ቀሚሶቿ ሁሉ እንቢ አሉ። ታጭታ ነበር፤ እጮኛዋ ነቢዩ ኦምዱርማን መኪና የሚጠግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ካርቱም ውስጥ ደግሞ ሙሽራ ሞላ ብላ ካልታየች ሐሜቱ ለእናቷ ነው። ይመኙሻል ደስታዋን የት ታድርገው? ልጇን አቅፋ ጉንጯን እየሳመች እሰይ፣ አማረብሽ፣ ወፈርሽልኝ ትላታለች። ጤናውም ውፍረቱም ከአንድ ቦታ የመጣ ነው ብላ ደመደመች፤ በዚህ በዚህ እንኳ አልተሳሳተችም።

የፍልሰታ ጾም በተፈታበት በኪዳነ ምሕረት ዕለት ጥልፍ ያለው ጃንጥላ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ልደትን ከጎኗ አቁማ መሰከረች። ስትታፈን ያሳለፈችውን ሁሉ፣ በየሐኪም ቤቱ የተንከራተተችውን ሁሉ ተናገረችና፣ አሁን ግን ያለ ምንም መድኃኒት ድናልኛለች፣ እዩአት፣ ፊቷን ተመልከቱ አለች። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ልደት አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ እናቷም ዓይን አፋርነቷ ነው ብላ ጭራሽ ኮራችባት።

ከዚያ በኋላ መስከረም እንኳ ሳይጠባ ልጅቱ ታመመች። መጀመሪያ እህል አልወስድ አላት፣ ቀጥሎ ያስመልሳት ጀመር፣ ስትቆም ዓለም ይዞርባታል። በካርቱም ክረምት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወባ ነው ይላል፤ ይመኙሻልም ወባ ነው አለች። አንድ ቀን ጠዋት ልደት ከአልጋዋ ልነሳ ስትል ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ወደቀች። እናት ልጇን በሪክሻ ጭና፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ እመቤቴን እየጠራች ሐኪም ቤት ደረሰች።

የተቀበለቻቸው ሐኪም ዶክተር ሰውሰን ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ድካም ዓይኗ ሥር የተቀመጠ ወጣት። ግሉኮስ አስተከለች፣ ደም አስመረመረች፣ ከዚያ ወደ ይመኙሻል ዞራ ልጅቷ ከዚህ በፊት ምን በሽታ ነበረባት አለቻት። ይመኙሻልም በልጅነቷ አስም ነበረባት፣ አሁን ግን ድናለች አለች፤ ደረቷን ነፋ አድርጋ ነው ያለችው። የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ተባለች። ምንም የለም አለች። ዶክተሯ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ያንኑ ጠየቀች፤ ከሐኪም የታዘዘ ባይሆንም፣ ከሱቅም ቢሆን፣ ከጎረቤትም ቢሆን። ይመኙሻል ተቀየመች። ልጄን አውቃታለሁ፣ እኔ ራሴ አስታማሚ ነኝ፣ ልጄ ያለ መድኃኒት ነው የዳነችው ብላ ዘጋቻት።

የደሙ ውጤት መጣ፤ ወባ የለም። ግሉኮሱ ይንጠባጠባል፣ የደም ግፊቷ ግን አልነሳ አለ። ወደ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ያ ድምፅ መጣ። ይመኙሻል ለማንም አልነገረችም እንጂ ከሐኪሞቹ ቀድማ ሰምታዋለች፤ የልጇ ደረት ያፏጫል። ኦክስጅን ተደረገ፣ የሚተነፈሰውም መድኃኒት ተደረገ፤ ልደት ዓይኗን እንኳ መግለጥ አልቻለችም። ዶክተር ሰውሰን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ኻልቲ፣ አንድ የጎደለኝ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አላገኘሁትም። ቶሎ ካላገኘሁት ልጅሽ ብዙ ጊዜ የላትም።"

ይመኙሻል ሐኪም ፊት ለፊት እንዲህ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ግድግዳውን ስታይ ካሳነሽ ደረሰች።

ካሳነሽ የጀብራ ጎረቤታቸው ናት። ቤቷ በር ላይ ቅባት፣ ሽቶ፣ ሂናና የፀጉር ዘይት ትሸጣለች፤ የሰፈሩ ሴት ሳይዋብ እንዳያድር የምትጨነቅ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ የሆነ ሰው ናት። በፔርሙዝ ሾርባ ይዛ መጥታለች። ይመኙሻልን አቅፋ ስማ፣ አብራት ተክዛ፣ ከዚያ እንደዋዛ ተናገረች። ልደት ባለፈው ደከመኝ ስትላት፣ ስላቋረጥሽው ነው፣ መልሰሽ ጀምሪው ብላ መክራት እንደነበር፣ ልጅቱ ግን እንቢ እንዳለች።

"ምኑን?" አለች ይመኙሻል።

"የሙሽራ ጉንጩን ነዋ፣ የሚያወፍረውን" አለች ካሳነሽ፣ አንቺ አታውቂም እንዴ በሚል ዓይን።

ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች። በዓረብኛ ኹዱድ አል-አሩስ ይሉታል፤ ከኦምዱርማን ገበያ በጅምላ ታመጣዋለች፣ ሴቱ ሁሉ ይሻማባታል፣ ሳጥን የለው፣ ጽሑፍ የለው። ይመኙሻል ቋጠሮውን ፈታችው። ነጭ፣ ትንሽ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት ኪኒን። ዓይኗን አላመነችም። አንዷን አንስታ ምላሷ ላይ አደረገቻት። መረረች፤ ያውም የምታውቀው ምሬት።

ምን ልበላችሁ፣ በየጠዋቱ በለስላሳ ፎጣ የምታብሰው የሐጃ ፊት መጣባት፤ ያ ክብ፣ ያ ያበጠ፣ ያ ያብለጨለጨ ፊት። ቀጥሎ የልደት መጣ። አንድ ፊት ነው። አንዱን በሽታ ብላ ስታዝንለት፣ ሌላውን በረከት ብላ ስትስመው፣ በአንድ ቀን ጠዋት አንዱን አይታ ማታ ወደ ሌላው ስትገባ፣ አንድ መሆናቸው አንዲት ቀን እንኳ ውል አላላትም። ያ ሁሉ ጸጥ ብሎ የከረመ አስም፣ ያ ሁሉ ሰላም እንቅልፍ የዚህች ኪኒን ሥራ ነበር። አሁን ደግሞ ተቋርጣለች። ድንገት ያጣት ሰውነት ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ ማን ሲነገረው ኖሯል?

ምን ይዋሻል፣ ለአንድ አፍታ እግሯ ያዝ አደረጋት። ጃንጥላው ትዝ አላት፣ እልልታው ትዝ አላት። ያለ ምንም መድኃኒት ብላ ነበር እኮ፤ በሕዝብ ፊት፣ አሁን ደግሞ በሐኪም ፊት። ከዚያ የልጇን ደረት ፉጨት በግድግዳው በኩል ሰማችና ፌስታሉን ጨብጣ ሮጠች። ዶክተር ሰውሰን ሌላ በሽተኛ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ይመኙሻል እጇን ይዛ ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ ገለበጠችላት።

"ዋሽቼሻለሁ። ይህን ትወስድ ነበር። አቋርጣዋለች። ኮርቲዞን ነው።"

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ከመቼ ጀምሮ ብቻ አለች። ይመኙሻል ዞር ብላ ካሳነሽን አየቻት። ከኋላዋ ካሳነሽ በቀጭን ድምፅ ከፋሲካ ጀምሮ ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ፤ ነርሶቹ ተጠሩ፣ መርፌው በደም ሥሯ ተሰጠ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ እናትና ጎረቤት ወደ ውጭ ተባሉ።

ኮሪደሩ ላይ ይመኙሻል እንደ እብድ ሆነች። የካሳነሽን ነጠላ በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ልጄን ልትገድይብኝ ነበር፣ በልጄ ሬሳ ላይ ልትነግጂ ነበር እያለች ግድግዳው ላይ አስጠጋቻት። በሽተኛ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አየ። ካሳነሽ አልታገለችም። ፊቷ አመድ መስሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ይመኙ፣ እኔም እኮ እውጠዋለሁ። ላቁመው ወይስ ልቀጥል?"

የይመኙሻል እጅ በራሱ ጊዜ ላላ። የጎረቤቷን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያን ጊዜ ነው ቢባል ይቀላል፤ ክብ ነው፣ ያብለጨልጫል። እንዳታቆሚ፣ ዛሬውኑ እዚህ ሐኪም ጠይቂ አለቻትና ነጠላዋን አስተካክላላት አጠገቧ ተቀመጠች። ካሳነሽ በሐሳቧ ደንበኞቿን በየቤቱ ስትዞር ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የልደት የደም ግፊት ተነሳ፣ ትንፋሿም ረገበ። በማግስቱ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ይመኙሻል ውሃውን በማንኪያ እያጠጣች ስትስቅ ስታለቅስ ቆየች። ዶክተር ሰውሰን መጥታ ኪኒኑ ገና ለወራት እንደሚያስፈልጋት፣ እየቀነሱ እንደሚተዉት፣ ለአስሟም እንደ ገና በኻኽ እንደሚታዘዝላት ነገረቻቸው። እሷ ስትወጣ እናት ልጇን ለምን እንዳቆመችው ጠየቀቻት፤ የሠርጉ ቀሚስ ጠቧት ይሆናል ብላ በልቧ ገምታ ነበር።

ልደት መጀመሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ማማ፣ አንቺ እዛ ቆመሽ ማርያም አዳነቻት አልሽ። ያለ መድኃኒት አልሽ። ሰው ሁሉ እልል አለ። ወላሂ ሐባው፣ ኪኒኑ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ትንፋሼን የከፈተው እሱ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ከዛ በኋላ ብውጠው ማርያምን መዋሸት መሰለኝ። ኸላስ፣ መንገድ ላይ ጣልኩት።"

ይመኙሻል ማንኪያውን አስቀመጠች። ትናንት ሙሉ ቀን የምትረግመው ሰው ነበራት፤ ካሳነሽ ነበረች፣ የኦምዱርማን ነጋዴ ነበር፣ የሠርግ ሐሜተኛ ሁሉ ነበር። አሁን ማንም የለም። ልጇን አልጋ ላይ የጣላት የእሷው ምስጋና ነው።

በዚህ መሐል ነርሷ የጠዋቱን ኪኒን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ገባች። ልደት አይታ ከንፈሯን ገጠመች። ነርሷ ለመነቻት፤ ልጅቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ይመኙሻል ብልቃጡን ከነርሷ ተቀበለች፣ ልጇን በትራስ ደግፋ ቀና አደረገቻት፣ ኪኒኗን በራሷ ጣቶች ወደ አፏ አቀረበችላት።

"ዋጪ ልጄ። እመቤቴ አትቀየምሽም። ከተቀየመችም እኔን ነው።"