ብርድ ልሸጥ የወረድኩ መንዜ

ከመንዝ ሞላሌ የወጣሁ ሌሊት አባቴ ዝተቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና «የሰው አገር ብርድ አይታመንም» አሉኝ። እኔም ተሸክሜው ዱባይ ወረድኩ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ያንን ሁሉ ሱፍ እያገላበጠ «ውስጡ ምን ደብቀሃል?» አለኝ። ብርድ ልብስ ነው ብል ማን ይመነኝ። ከበሩ ወጥቼ ሙቀቱ ሲለበልበኝ ግን ለሰውዬው ፈረድኩለት።

እንጀራዬን ያገኘሁት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ብርድ በመሥራት ነው። አዳማ ጋራዥ የተማርኩትን ሙያ ይዤ የመኪና ማቀዝቀዣ ጥገና ቤት ለሙከራ ገባሁ። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚወጣልኝ ሙዲሩ፣ አለቃዬ፣ ከወደደኝ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የሠራተኞች አውቶቡስ መጣ። ማቀዝቀዣው አይነሳም። ጋዙ ጎድሎ ኖሮ፣ ግፊቱን የሚጠብቀው ማብሪያ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶታል።

«ሽቦውን በቀጥታ አገናኘውና ይሂድ፣ ኻላስ» አለኝ ሙዲሩ።

«ይቃጠላል» አልኩት። «ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ ሲጎድል ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይፋጫል። ማብሪያው የዘጋው ሊያድነው ነው። በኛ አገር ጓሳ የሚባል የጋራ ሣር አለ። ሲሳሳ ይዘጋል፤ እስኪያገግም በጉ ቢራብም ማንም አይገባም።»

«ስለ መኪና ስጠይቅህ ስለ በግ ታወራልኛለህ? እስከ ዐሥር ሰዓት ካልቀዘቀዘ ወደ በጎችህ ትመለሳለህ።»

ሽቦውን አልነካሁም። ቱቦውን ስከተል አንዱ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት አየሁ፤ የሳሙና አረፋ ብቀባው ተንፈቀፈቀ። የሚያፈሰውን ጎሚኒ፣ የመጋጠሚያውን የጎማ ቀለበት፣ ቀየርኩ፣ አየሩን በፓምፕ መጥጬ አወጣሁ፣ ዘይቱንና ጋዙን በልኩ ሞላሁ። ሞተሩ ሲነሳ ማብሪያው ራሱ ፈቀደ፤ ኮምፕሬሰሩ ቀጭ ብሎ ያዘ።

ሙዲሩ ፊቱን ነፋሱ ላይ ደግኖ ዐይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ብርድ ከየት መጣ?»

«ከመንዝ» አልኩት።

«ነገ ኢቃማህን እንጨርሳለን» አለኝ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

ማታውኑ አባቴ ጋ ደወልኩ። እሳቸው ከጓሳ ጠባቂ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

«እኛ ብርዱን የሚወስድልን አጥተን፣ አንተ እዚያ እየሠራህ ትሸጣለህ?»

«ጓሳስ፣ አባባ? ገና ዝግ ነው?»

«ዛሬ ተከፈተ። ሰዉ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ድርሻ ሲደለደል ያንተም ስም ተጠራ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«አለ፣ አልኳቸው።»

ያን ማታ የክፍላችንን ኤሲ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ዝተቴን ተከናንቤ ተኛሁ።