ሬዲዮ የምትስትበት ቦታ

ስልኩ ሲጠራ ሁለቱ የመስታወት ክሮች ጫፍ ለጫፍ ሊገናኙ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። የኢንተርኔት መስመር የሚቀጥለው ባለፋይበር መንገድ ዳር በተተከለች ትንሽ ድንኳን ውስጥ፣ ከተከፈተ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ዓይኑን የመቀጠያ ማሽኑ ላይ ተክሏል። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣበቀው። የእህቱ ባል ነበር።

«ወንድሜ፣ የት ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። ምነው?»

«ሬዲዮ ጥላን ሄደች።»

ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽኑ ብልጭ አለና ክሮቹን አቅልጦ አንድ አደረጋቸው። ቅጥያው ደህና መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ቁጥር ወጣ። ባለፋይበሩ አላየውም።

ሬዲዮ ታላቅ እህቱ ነበረች። ስሙን ያወጡላት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ ስትጠርግም፣ ስታጥብም፣ አውቶቡስ ስትጠብቅም ታንጎራጉራለችና። ችግሩ ጣቢያውን አለማግኘቷ ነበር። «እህት ዓለም፣ አንቴናሽን አስተካክይ» ሲላት፣ «አንተ ፀጉር ሰንጣቂ!» ትለዋለች፤ ክሮቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። «እኔ እቀጥላለሁ እንጂ መቼ ሰነጠቅሁ?» ይላል እሱም።

ከቀብሩ በኋላ መቀመጥ አቃተው። ወንበር ይሰጡታል፣ ይነሳል። ይወጣል፣ ይመለሳል። ያልላላ የበር እጀታ ያጠብቃል።

«ምን ነካህ ልጄ? ጉንዳን ወሮሃል እንዴ?» አለችው አክስቱ።

የነካውንስ ያውቀዋል። የእህቱ ድምፅ ከጆሮው ሊሸሽበት ነው። ስልኩን ፈተሸ፤ የሌሎቹንም አስፈተሸ። ፎቶ ሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ሬዲዮ ስታንጎራጉር ይሳቃል እንጂ ማን ይቀዳል?

«እናቴን የቀዷት መሥሪያ ቤቷ ያሉት ብቻ ናቸው» አለችው የሬዲዮ ልጅ። ራሷን ችላ ሥራ የያዘች ሴት ናት።

እውነቷን ነው። ሬዲዮ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ሻይ ቤት ትሠራ ነበር። እዚያ አንዲት የሒሳብ ተመራማሪ፣ ሰው ያንጎራጎረለትን ሰምቶ ዘፈኑን ፈልጎ የሚያመጣ ኮምፒውተር ታሠለጥናለች። ለማሠልጠኛ ዜማ የሚሳሳት ሰው ስትፈልግ ሬዲዮን አገኘች። ያን ቀን ሬዲዮ ቤት ስትገባ፣ «እናንተ ሳቁ፤ እኔን ሳይንስ ፈለገኝ!» ብላ ነበር።

አጎትና የእህት ልጅ ተያይዘው ወደ ተመራማሪዋ ቢሮ ሄዱ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ወጣ ወረድ የሚሉ መስመሮች ተሥለዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች ተመራማሪዋ። «ግን ማንም እንዳይታወቅ ብለን ስሞቹን ከቅጂዎቹ ላይ አጥፍተናል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷን በምን እንለያታለን?»

«በዜማው። ልጇን የምታስተኛበትን ዜማ ነበር ያንጎራጎረችላችሁ፤ ነግራኛለች።»

«እንግዲያው ያንጎራጉሩት።»

ጉሮሮውን ጠርጎ አንጎራጎረ። ስክሪኑ በድምፆች ሞላ፤ ዜማው ማንም የሚያውቀው የማባበያ ዜማ ነው። አንዱን ከፈተች፤ ሽማግሌ። ሌላውን ከፈተች፤ ጎረምሳ። ባለፋይበሩ ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ።

«እሷ እኮ ትስተዋለች። መሀል ላይ ወደ ላይ መውጣት ሲገባት ትወርዳለች። የወረደውን ይፈልጉልኝ።»

ተመራማሪዋ ግንባሯን አሸች። «ጉዱ እሱ ላይ ነው። እያንዳንዱን ዜማ ሰሌዳው ላይ እንዳለው መስመር እናየዋለን፤ ሒሳቡ በሁለት መስመሮች መሀል ያለውን ርቀት ይለካል። ትልቅ ግኝት የተባለልን ደግሞ ኮምፒውተሩ ስህተትን ይቅር እንዲል ማድረጋችን ነው። የሳተውንም ያልሳተውንም እኩል ያመጣል።»

«እሷን ይቅር አይበላታ!»

«አጎቴ!» አለች የሬዲዮ ልጅ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ተመራማሪዋም ፈገግ አለች። «አሮጌው ፕሮግራም አለ፤ ይቅር የማይለው። ግን ስህተቷን እንደራሷ አድርጎ የሚያንጎራጉር ሰው ያስፈልገኛል።»

ባለፋይበሩ ሞከረ። ዕድሜውን ሙሉ የሳቀበት ስህተት ሲፈልጉት እምቢ አለ፤ ጉሮሮው ወደ ትክክለኛው ያዳልጠዋል። የሬዲዮ ልጅ ግራ ገብቷት ታየዋለች።

«ኧረ እንደዚያ አይደለም እኮ ዜማው» አለችና ራሷ ያዘችው። መሀል ላይ ወረደች፤ ቁርጥ እናቷን። ከሕፃንነቷ ለእሷ ዜማው ይሄ ነው።

ስክሪኑ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ።

«ቅጂዎቹ ያሉት ሌላ ከተማ ነው» አለች ተመራማሪዋ። «ድሮ ያስጠብቀን ነበር። አሁን በአንድ ክር ብዙ ቀለም ያለው ብርሃን ስለሚልኩ፣ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ይደርሳል።»

የዚያ መስመር ሠራተኛ ባለፋይበሩ ነው። ሞቷን በሰማበት ቀን ሳያየው ያለፈው የቅጥያው ቁጥር ትዝ አለው።

«ልጀምር?» አለች ሬዲዮ ከድምፅ ማጉያው። «ኋላ ዕቃችሁ ቢበላሽ የለሁበትም!»

ከዚያ አንጎራጎረች። የምትስትበት ቦታ ስትደርስ ወረደች። ልጇ የአጎቷን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ድምፁ ተቋረጠ።

«ይቀጥሉት» አለ።

«ያለው ይሄው ነው። ከእያንዳንዱ ሰው የምንወስደው መጀመሪያውን ብቻ ነው።»

ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። «መጨረሻውንስ እንዴት ነበር የምትለው?»

«እኔ እንጃ። እዚያ ሳትደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

እሱ ደግሞ ስህተቷ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ በሳቅ ያቋርጣት ነበር። ማታ ባሏን ጠየቁት፤ አላስታወሰም። አክስቲቱም አላስታወሰችም። ዜማውን እንዴት ትጨርሰው እንደነበር እስካሁን አልታወቀም።