የግመሉ ጭንቅላት

ባለፈው ሳምንት የባሌ እህት ሂሩት የወንድሟን የመሣሪያ ሳጥን ልትወስድ መጣች። ዳንኤል ካረፈ ስምንት ወሩ ነው፤ እሷ ግን ከአርባው ማግስት ጀምሮ ከቤቴ ባዶ እጇን ወጥታ አታውቅም። ብሎን ያጠራቅምበት የነበረውን የብስኩት ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ገለበጠችና ከመሃሉ አንድ ነገር በሁለት ጣቷ አነሳች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጥርስ ያለው ግመል?»

«ስጪኝ» አልኳት።

«ኧረ ቀስ። የሟች ዕቃ እንዲህ አይነጠቅም።»

«የሟች አይደለም። የኔ ነው።»

ከእጇ ወስጄ ገለበጥኩት። አንገቱን ሳይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ፒንሳውንና መዶሻውን ሰብስባ ሄደች።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ በምንኖርባት ሞቃት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከዱባይ የሚመጣ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ባልዲ፣ ማበጠሪያ፣ በከረጢት የታሸጉ የአውሬ መጫወቻዎች። ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ የሙሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ከኋላው ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሙሳንና ዳንኤልን ጨምሮ አምስት ወጣቶች ዓርብ ዓርብ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንሳዊ የጣት ቁመት ያላቸው ወታደሮች የሞሉበት ሳጥንና የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ትቶላቸው ነበር። ጠረጴዛ ላይ አሸዋ አፍስሰው፣ በማስመሪያ እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ ይዋጋሉ።

የአባቴን ወረቀት ላባዛ ስሄድ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ልቀመጥ ስል ዳንኤል ሁልጊዜ «ወንበር የለም» ይለኛል። ሁለት ባዶ ወንበሮች ነበሩ።

ሳጥኑ ውስጥ ጭራቅ አልነበረም፤ መጽሐፉ ደግሞ ያለ ጭራቅ ትልቁ ጦርነት አይጀመርም ይላል። ስለዚህ ከሁሉ የተሻለ ጭራቅ ያመጣ ሰው የጭራቆቹን ጦር እንዲመራ ተስማሙ።

«እኔ ባመጣስ?» አልኩ ከበሩ።

«አምጪና እናያለን» አለ ዳንኤል፣ ቀና ሳይል። «ወንበሩንም ያኔ እንፈልግልሻለን።»

ያን ወንበር የፈለግኩትን ያህል ከዚያ በኋላ የፈለግኩት ነገር ጥቂት ነው።

ርካሽ ፕላስቲክ ልስልስና ቅባታም ነው፤ ማጣበቂያ አይዘውም፣ ቀለም ይላጥበታል። ይህን የተማርኩት ከአባቴ መጫወቻዎች ሁለት አዞ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ሦስተኛውን በዱቄት ሳሙና አጥቤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት። ከዚያው ከረጢት የወጣ ግመል ጭንቅላቱን ከነአንገቱ ቆርጬ አዞው ትከሻ ላይ ተከልኩት። ሁለቱንም በጋለ ሚስማር በስቼ፣ ከአሮጌ የመብራት ገመድ የላጥኩትን ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሳለፍኩባቸው። ጥርሱ የማበጠሪያ ጥርስ ነው። ራስ ዲካ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ያመጣሁትን አሸዋ ጀርባው ላይ በሙጫ ለጥፌ በጥቁርና በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን እየነዳ በመስኮት ይገባል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ በሰውነቴ እከልለው ነበር።

እናቴ አየችውና አማተበች። «ገብርኤል በተሰቀለበት ቤት ጭራቅ አያድርም። ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ አንቺ።»

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ሙሳ ክፍል ወሰድኩት። ዳንኤል እዚያ ነበር፤ አጎቱ ከፓሪስ የላከለትን የብረት ዘንዶ ጠረጴዛው ላይ አቁሟል። ሙሳ የኔን ሲያይ ሳቀ። «ዋላሂ ዳኒ፣ ዘንዶህ አለቀለት።» ዳንኤል ጭራቄን አንስቶ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አስቀመጠው። የክፍሉ ቁልፍ ከበሩ በላይ እንደሚቀመጥ አምስቱም ያውቃሉ።

ዓርብ ስደርስ ሁሉም ተሰብስበዋል። ጭራቄ ጭንቅላት አልነበረውም። ጠረጴዛው ሥር ብንፈልግ አጣነው።

«ሙቀቱ ነው» አለ ሙሳ። «ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበር። ወልቆ ወድቆ አይጥ ጎትቶት ይሆናል።»

«ላስቲክ ምን ጊዜም ላስቲክ ነው» አለ ዳንኤል።

«ግመሏ ታርዳለች፣ ሥጋውን እንካፈል» አለ ሌላው፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

አንገቱን እንኳ አላየሁም። በጅራቱ ይዤ ወጣሁና መንገድ ዳር ያለው ቆሻሻ ላይ ወረወርኩት።

በዘንዶው ጨዋታውን ካሸነፈ በኋላ ዳንኤል ሱቃችን መጣ። ወደ ወደቡ ይዞኝ ሄዶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ ገዛልኝ። በርበሬው ከንፈሬን ያቃጥለኝ ነበር። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለኝ፣ በጣም ለስለስ ብሎ። «ይሄ አገር ሁሉን ያቀልጣል።» ያን ዕለት ወደድኩት። በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። እንዴት ተገናኛችሁ የሚል እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጭንቅላት ጠፍቷት ስታለቅስ አገኘኋት» እያለ ያስቅ ነበር። አላለቀስኩም። ግን ሥራዬ ደካማ ነበር ብዬ አምኜ ሁለተኛ አልሠራሁም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን ሙቀት ሽቦ አይቆርጥም። ጭንቅላቱ ወልቆ ቢሆን ኖሮ ወይ ሽቦው ሙሉውን ከጭንቅላቱ ጋር ይወጣ ነበር፣ ወይ አንገቱ ላይ ባዶ ቀዳዳ ይቀር ነበር። አንገቱ ውስጥ የቀረው መዳብ ጫፉ ተጠፍጥፎ የተሳለ ነው፤ በፒንሳ የተቆረጠ። ያጽናናኝ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር ማለት ነው፣ ዓሣውን እየበላን።

ለምን እንዳልጣለው አላውቅም። ሦስት ቤት ስንቀይር ቆርቆሮው አብሮን ተጉዟል። ሊነግረኝ አስቦ ነበር እንዳልል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። በሐዘን ውስጥ መናደድ ነውር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱ በአንድ ጉሮሮ እንደሚያልፉ አውቃለሁ።

ትናንት ገበያ ወጥቼ አንድ የፕላስቲክ አዞ ገዛሁ። አጠብኩት፣ ፋቅኩት፣ በጋለ ሚስማር በሳሁት። ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታዘዙም። ከግመሉ አንገት አሮጌውን መዳብ ጎትቼ አውጥቼ፣ በአዲስ ሽቦ ጭንቅላቱን አዞው ላይ ተከልኩና ከዳንኤል ፎቶ ፊት ለፊት አቆምኩት።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ጭንቅላቱ እንዳለ ነበር። በቤቱ ውስጥ የሚቆርጠው ሰው የለም።