የሻምበል ደረጀ መቅዘፊያ

ባለፈው ሳምንት ላንቻ፣ አንድ አናጺ ደጃፍ ላይ ቨርኒሽ ሸተተኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሽታው እያዳፋ ካዛንቺስ፣ ሻምበል ደረጀ ግቢ አስገባኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አድርጎ።

ሻምበል የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቀዘፋ የሠራዊቱ ሻምፒዮን ነበሩ ይባላል፤ ዋንጫቸው ቡፌው ላይ ከሸክላ ውሻ አጠገብ ተቀምጦ አይቻለሁ። እኔ ግን ቀዘፋ ምን እንደሆነ የት አውቄ። ለእኛ ሰፈር ልጅ ውሃ ማለት የቦኖ ወረፋ ነው።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የድሮ መኮንን መሆን ያስፈራ ነበር። ታጣቂዎች መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራሉ። የተገኘበት ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን በመስኮታቸው ሳልፍ ሻምበል በወታደር ብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ከእሳቸው የሚረዝም ነገር ኮርኒስ ውስጥ ሲከቱ አየሁ። ቤቱ ቨርኒሽ ቨርኒሽ ይሸታል። ሱዚ ስንዘል ለጓደኛዬ፣ ሻምበል ኮርኒስ ውስጥ ትልቅ ጠመንጃ ደብቀዋል አልኳት። በቃ፣ ይችው ናት ጥፋቴ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራት ታጣቂዎች መጡ። ሌላ ቤት አልገቡም። የአቡጀዲው ኮርኒስ ሲቀደድ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ጥቅሉን ግቢ አውጥተው ፈቱት፤ ጫፉ እንደ አካፋ የሰፋ እንጨት ሆነ።

"መቅዘፊያ ነው፤ ጀልባ የምነዳበት" አሉ ሻምበል።

"ታዲያ ለምን ተደበቀ?" አለ አለቃው።

"የወታደር ፎቶዎቼን በሙሉ አቃጠልኩ። ይሄን ግን እጄ እምቢ አለኝ።"

አላመናቸውም። እስቲ ያሳዩን አላቸው። ሻምበል ጠመንጃ እንደተደገነባቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ደረቁን መሬት መቅዘፍ ጀመሩ፤ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። ማንም አልሳቀም። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ቀሚሴ ላይ አመለጠኝ።

"ይበቃል፣ አባባ" አለ አለቃው በመጨረሻ። ሄዱ።

ከሰዓት ይቅርታ ልጠይቃቸው ገብቼ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ ካልኩ በኋላ ለቅሶ ብቻ ሆነብኝ። አልተቆጡኝም።

"ያየሽውን አውሪ፤ ግን መጀመሪያ ገልጠሽ እዪ" አሉኝ።

ካረፉ ቆየ፤ ግቢውም ፈርሷል። መቅዘፊያውን ባለቤታቸው ለእኔ ሰጡኝ፤ ሳሎኔ ውስጥ ምንም ሳይሸፈን ተሰቅሏል። ከላንቻ ቨርኒሽ ገዝቼ ቀባሁት። ዛሬም ግን በር በኃይል ሲንኳኳ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኮርኒሱ ነው።