ያለ አያት አያልፍም

ባለቤቴ ከካምፓላ መጥታ ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ያስመረራት ብርዱም ምግቡም አልነበረም፤ የታክሲ ሒሳብ ከእኔ መጠየቅ ነበር። ሀገሯ ሳለች ከራሷ ቦርሳ እያወጣች የኖረች ሴት ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ብቻውን ያሳደጋት አባቷም በደወለ ቁጥር «አካውንት ከፈትሽ? በራስሽ ስም ይሁን» ይላታል። አቃቂ ያለ አንድ መዋለ ሕፃናት አስተማሪ አድርጎ ሲቀጥራትና ደሞዝ በባንክ ብቻ ነው ሲላት እንደ ሕፃን ፈነደቀች። በዚህ ሀገር የራሷ የምትለው የመጀመሪያ ነገር ሊኖራት ነው።

ጠዋት ባንክ ገባን። «ሲስተም የለም» ተባልን። ሲስተም የሚባለው ጌታ ከምሳ በኋላ መጣ። ወጣቷ ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጣ፣ ባለጉዳይዋን ትታ እኔን ማናገር ጀመረች።

«እህትዎ ናት?»

«ሚስቴ ናት።»

መታወቂያዬን ከፓስፖርቱ ጎን አስቀምጣ አስተያየች። «የአባታችሁ ስም አንድ ነው እኮ።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በእነሱ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ቤተሰብ ስም ትይዛለች። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው አባቴ ነው። እሷ በሙሽርነቷ የእሱን ስም ይዛ ፓስፖርቷን አስቀየረች። እዚህ ስትመጣ የአማቷ ልጅ ሆና አረፈችው።

ይህን ሁሉ ላብ በላብ ሆኜ አስረዳሁ። ልጅቷ በትሕትና ሰማችኝና፣ «ገብቶኛል። የአያት ስም ማን ልበል? ያለ አያት ሲስተሙ አያልፍም» አለች።

ባለቤቴ በምትችለው አማርኛ የእውነተኛ አባቷንና የአያቷን ስም ነገረቻት።

«እነሱ ፓስፖርቱ ላይ የሉም» አለቻት ልጅቷ።

ደሜ ፈላ። ድምፄ ከፍ ሲል ሥራ አስኪያጁ ከቢሮአቸው ወጡ። ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ፓስፖርቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያም ፈረዱ። «ምን ያጨቃጭቃል? አባቷ ያንተ አባት ከሆኑ፣ አያቷም ያንተ አያት ናቸዋ።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ትምህርት ቤቱ የአካውንት ቁጥሯን እስከ ማታ ካላገኘ ቦታውን ለሌላ ሊሰጥ ነው።

«ጻፊው» አለቻት ለልጅቷ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ የባንክ ደብተሯን ገልጣ ስሟን ቀስ ብላ አነበበች። ሦስተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚሁ አቃቂ ያርስ የነበረ ሰው መሆኑን፣ ሳልወለድ ስለሞተ እኔም እንደማላውቀው ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ሳያት አልሳቀችም።

ስልኳ ጮኸ፤ አባቷ ነው። ቋንቋቸውን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። ተከፈተ ወይ አላት። ተከፍቷል አለችው። በማን ስም እንደሆነ ጠየቃት።

ደብተሩን አጠፈችና «በራሴ» አለችው።