በረድፍ የተበላ ራት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢታይ ምን ይሆናል? ሠራ፣ ወለደ፣ አሳደገ ይባልለታል፤ እውነትም ሠርቷል፣ ወልዷል፣ አሳድጓል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሰውየው ራሱ የት ነበር ቢባል፣ መልሱ ለብዙዎቻችን ያስቸግራል።

ጳውሎስ መንገድ ላይ ነበር። በስደት አገሩ፣ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ ከተርሚናል ወደ መኪና ኪራይ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ። ሚስቱ አረጋሽ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት። ለብዙ ዘመን የነበረቻቸው አንድ መኪና ስለሆነች፣ እሱ ሲገባ እሷ ስትወጣ ቁልፉን በር ላይ ይቀባበላሉ። ወንበሩ ከእሱ ሙቀት ሳይቀዘቅዝ እሷ ትቀመጥበታለች። ምስሩ ምድጃው ላይ ነው፣ ልጆቹን አስጠናቸው ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው የመኪናዋን የኋላ መብራት ነው። እሑድም ቢሆን እሷ ከመዘምራኑ ጋር ትቆማለች፣ እሱ በር ላይ ሰው ይቀበላል። ተጣልተው አያውቁም። ጠብም እኮ ጊዜ ይፈልጋል።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ልጆቹ ኤልያብና ጸጋ፣ ኧርቪንግ ከተማ ካለ ኪስ የማይጎዳ የጃፓን ምግብ ቤት ራት ጋበዙት። ምግብ አብሳዩ እንግዳው ፊት ቆሞ፣ በጋለ ሰፊ ብረት ላይ እየጠበሰ የሚያቀርብበት ቤት ነው። አረጋሽ ፈረቃዋን ማስቀየር ስላልቻለች የሥራ ልብሷን ለብሳ መጣች፤ ከማዕዱ እንደተነሣች በቀጥታ ሥራ ትገባለች። ጳውሎስ ግን ከረባት አድርጎ ነበር። ከሚስት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መብላት ለሌላው የዘወትር ነገር ነው፤ ለእሱ ሲጠብቀው የኖረ ቀጠሮ ነበር።

ያላሰበው የወንበሮቹን አቀማመጥ ነው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ብረቱ አዙረው፣ በአንድ ወገን በረድፍ ተቀመጡ። አረጋሽ በዚያኛው ጫፍ፣ እሱ በዚህኛው፤ መካከላቸው ሁለቱ ልጆችና ስልኳን የደገነችው የጸጋ ልጅ ናኦሚ።

አብሳዩ ቀልደኛ ጎረምሳ ነው። የሽንኩርቱን ቀለበቶች እንደ ተራራ ደራርቦ ከጫፉ እሳት አስተፋው። ቀጥሎ ቁራጭ ዝኩኒ በመገልበጫው አንሥቶ፣ አፍህን ክፈት የሚል ምልክት ሰጥቶ ወደ ጳውሎስ ወረወረ። ጳውሎስ ደንግጦ አፉን ገጠመ፤ ዝኩኒው ከረባቱ ላይ አረፈ።

«አንተ ሰው፣ በዝኩኒ እንዲህ የምትደነግጥ፣ ያን ሁሉ መንገደኛ እንዴት በሰላም አደረስከው?» አለች አረጋሽ፤ ሳቀችም።

ሳቋን ሰማ። ገና እጮኛው ሳለች እጇን አፏ ላይ ጭና ትስቀው የነበረው ሳቅ ነው፤ ዛሬም እጇን ትጭን እንደሆነ ማየት ፈለገ። ወደ ፊት ሰገግ ሲል የብረቱ ወላፈን ፊቱን መታው፤ ወደ ኋላ ሲል የኤልያብ ትከሻ ጋረደው። እሷን በዓይኑ እስኪያገኛት ሳቁ አለፈ። ለካ ሰው አብሮት የሚኖረውንም ይናፍቃል። አገር የናፈቀ ናፈቀኝ ብሎ ይናገራል፤ ይህን ግን ለማን ይሉታል?

ጥግ ላይ ባዶ ክብ ጠረጴዛ አየ። ምግቡ ሲደርስ ሳህናችንን ይዘን ወደዚያ ብንዞርስ ብሎ ኤልያብን በቀስታ ጠየቀው።

«ዳዲ፣ እዚያ እኮ ሼፉ አይመጣም። ማለቴ፣ የመጣነው ለሾው ነው» አለ ኤልያብ፣ ጀርባውን በፍቅር መታ መታ እያደረገ።

ጸጋ ሙቀቱ የከበደው መስሏት በረዶ ያለበት ውሃ አስመጣችለት። አረጋሽ ምን ሆነ ብትላት፣ ኦኬ ነው አለቻት። አረጋሽም ሰዓቷን አየችና ፈጠን ፈጠን እያለች ትበላ ጀመር። ናኦሚ አብሳዩ በመገልበጫው ላይ ያሽከረከረውን እንቁላል ደግሞ እንዲያሽከረክርላት ለመነችው፤ እሺ አላት።

«ለጥቂት ደቂቃ ነው» አለ ጳውሎስ፣ አሁን ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «እናታችሁን ፊት ለፊቴ አስቀምጡልኝ።»

እንቁላሉ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ሁሉም አንጋጠጡ። ከወንበሩ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም።